ከጎዳናው ወዲህና ወዲያ

ቴክሳርካና ከተማን ስቴት ላይን የሚባለው ጎዳና ለሁለት ይከፍላታል። ምዕራቡ ቴክሳስ ነው፤ ምሥራቁ አርካንሳስ። የስምንት ዓመቷ ኦፓል አባት ክሊፍተን በቴክሳስ በኩል፣ እናቷ ሮንዳ በአርካንሳስ በኩል ይኖራሉ። ከተለያዩ ወዲህ ኦፓል አንዱን ሳምንት ወዲህ፣ ሌላውን ወዲያ ታድራለች።

የዛሬው ክርክር የፍቺውን ጉዳይ የየትኛው ግዛት ፍርድ ቤት ይየው የሚል ነበር። ሕጉ ልጅ ላለፉት ስድስት ወራት የኖረበትን ግዛት ያስቀድማል። ፍርዱ እስኪሰጥም ኦፓል በተመረጠው ግዛት ካለው ወላጇ ጋር እንድትቆይ የሁለቱ ግዛቶች ዳኞች ተስማምተዋል።

ክሱ ከተጀመረ ወዲህ የሁለቱም እጅ ተፈቷል። አባቷ ብስክሌት ገዝቶ እናቷ ግቢ አቆመላት። ውሻዋን ቢስኪትንም "ከልጅቷ አይለይ" ብሎ እዚያው አደረሰው። እናቷ በበኩሏ አዲስ አልጋ አስጭና አባቷ ቤት ላከች። ሁለቱም ለችሎቱ ማስረጃ ብለው ፎቶ አነሱ።

ኦፓል ከችሎቱ በር ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ቸኮሌት ይዛለች።

"ብዪው እንጂ፣ እጅሽ ላይ ቀለጠ እኮ" አለቻት ኤርሊን፣ በሩን የምትጠብቀው ፖሊስ።

"ለተሸነፈው ነው የያዝኩት። ያለቅሳላ።"

ኤርሊን ሳቀች። "አንቺ ጉደኛ! እኔን ሦስት ባል ፈትቶኝ አንዱም ድመቴን እንኳ አልተሻማኝም። ታድለሽ።"

ውስጥ የቴክሳሱ ዳኛ ከአርካንሳሷ ዳኛ ጋር በስልክ ይነጋገራል። ድምፅ ከፍ እያለ መጣ።

"አልጋዋን እዩት፣ አዲስ እኮ ነው!" የእናቷ ድምፅ ነው።

"ውሻዋስ? ውሻዋ የት ነው የሚያድረው?" አለ አባቷ።

"ሰማሽ?" አለች ኦፓል ደረቷን ነፋ አድርጋ። "በኔ ነው የሚጣሉት።"

በሩ ሲከፈት ቀድማ የወጣችው ሮንዳ ናት። ዓይኗ ቀልቷል። ጠበቃዋ ከኋላዋ "ይግባኝ እንላለን" ይላታል።

ኦፓል ሮጣ ቸኮሌቱን እጇ ላይ አስቀመጠችላት። "አይዞሽ እማ። እየመጣሁ አይሻለሁ።"



ክሊፍተን የኦፓልን ቦርሳ አንጠልጥሎ እየሳቀ ወጣ።

"አባ፣ አሸነፍክ?"

"አሸነፍኩ፣ የኔ ቆንጆ" አላትና ቦርሳዋን ሮንዳ እግር ሥር አስቀምጦ ብቻውን ወደ መኪናው ሄደ።