የሆዴ ጉርምርምታ

ልጆቼ፣ ሐኪሞች ከአንጀቴ ሰፍተው ውስጤ የሠሩልኝ ከረጢት ስለተበላሸ አወጡት። ከእንግዲህ ዕድሜ ልኬን ሰገራዬ ሆዴ ላይ በተከፈተች ቀዳዳ ወጥቶ በተለጠፈብኝ ላስቲክ ይጠራቀማል። «ቀዳዳዋ ስታጉረመርም አይስጉ፤ ዝም ካለች ግን አንጀትዎ ተዘግቶ ይሆናልና ቶሎ ይምጡ» ብለውኛል።

ቡሬ ከተማ ካለው ቤቴ ከገባሁ ወዲህ ባለቤቴ አምለሰት ማለዳ ማለዳ ታዳምጣታለች። «ሆድዎ ከእርስዎ የተሻለ ጨዋታ ያውቃል» እያለች ታሾፍብኛለች።

ዛሬም መደቡ ላይ እንደተጋደምኩ ጉርምርምታው ተሰማና «ተመስገን!» አለች። ላስቲኩን ብታየው ግን ደረቅ ነው። ጆሮዋን ሆዴ ላይ ለጥፋ ቆየች።

«ምነው?» አልኳት።

«የእርስዎስ ሆድ ዝም ብሏል።»

ጉርምርምታው ግን አላቆመም። ከበታቼ፣ ከጭቃው መደብ ውስጥ ነበር የሚመጣው።