በመስኮት የታዘዘ መድኃኒት

«እስቲ አሁንም ሆዷን ያቃጥላት እንደሆነ ጠይቂያት» ይለኛል ዶክተር ሴሚሲ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል።

እህቱ ሉፔ ከመስኮቱ አሥር እርምጃ ርቃ፣ ማንጎው ሥር ሰሌን ላይ ተቀምጣለች። ቢያስነጥስ ትሰማዋለች። ግን እኛ ቶንጋዎች ዘንድ ወንድምና እህት ካደጉ በኋላ አንድ ክፍል ውስጥ አይቀመጡም፤ የገላ ነገርማ፣ «አመመኝ» ከማለት ካለፈ፣ በሰው በኩል እንኳ በመካከላቸው አይነሳም። ስለዚህ በዚህች የፓስፊክ ደሴት ጤና ጣቢያ ሠላሳ አራት ዓመት ነርስ የሆንኩት እኔ ፊናው፣ ዛሬ መልእክተኛ ሆኛለሁ።

እወጣለሁ። «ያቃጥልሻል ወይ ይላል።»

«ያቃጥለኛል በይው። ክኒኑን ስውጥ ግን ተወት ያደርገኛል።»

እመለሳለሁ። የሰማሁትን እነግረዋለሁ።

«ጥሩ ነው» ይልና ይጽፋል። ያው የጨጓራ ክኒን፣ ያው የአንድ ወር። አምስተኛው ማዘዣ ነው። አራቱን ያስጻፈችው እናታቸው ነበረች፤ «ሆዷን ያቃጥላታል» ትላለች፣ እሱ ይጽፋል፣ እኔ ቆጥሬ እሰጣለሁ። ዛሬ እናትየዋን ጉልበቷን ስላመማት ሉፔ ራሷ መጣች። በደሴቷ ማዶኛ ጫፍ ስለምትኖር ካየኋት ቆይቼ ነበር። የአንገቷ አጥንት ወጥቶ፣ ቀሚሷ የትልቅ እህቷ ይመስል ላይዋ ላይ ተንጠልጥሎ ሳያት ክው አልኩ።

መድኃኒት መደርደሪያው ድረስ ሄጄ ካርቶኑን እነካለሁ። ክኒኑን ሳልቆጥር መልሼ እዘጋዋለሁ። ማንም ሳይልከኝ ተመልሼ እወጣና አጠገቧ እንበረከካለሁ።

«ሉፔ፣ ሰገራሽ ምን ይመስላል?»

ደንግጣ ወደ መስኮቱ ታያለች። «ኧረ እትዬ ዝም በይ! ይሰማል!»

«በጆሮዬ ንገሪኝ።»

«ጥቁር ነው» ትላለች በሹክሹክታ። «እንደ ሬንጅ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከገና በፊት።»

ፋሲካ ካለፈ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። በቀሚሷ ላይ ሆዷን እዳብሳለሁ። ከእምብርቷ ከፍ ብሎ አንድ ጠጣር ነገር ጣቴን ይገፋዋል፤ ሎሚ ያክላል። ስነካው ጥርሷን ትነክሳለች።

«ምነው ለእናትሽ እንኳ ብትነግሪያት?»

«እሷ ለእሱ ልትነግረው አይደል! የእህቱን እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ እንዴት ይሆናል? ያፍራል እኮ።»

ወደ ውስጥ ገብቼ ማዘዣውን ጠረጴዛው ላይ እመልስለታለሁ።

«አለቀ እንዴ መድኃኒቱ?»

«ሞልቷል። አልሰጥም።»

አሁን ቀና ይላል። የሠላሳ ዓመት ሰው ነው፤ ሲወለድ እትብቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

«ባለፈው ሳምንት የጀልባ ሠሪው ሚስት ሆዴን አቃጠለኝ ብላ ስትመጣ ምን ምን አደረግክ?» እለዋለሁ። «መዘንካት። ስለ ሰገራዋ ጠየቅካት። አልጋ ላይ አስተኝተህ ዳሰስካት። የገዛ እህትህንስ?»

«እትዬ ፊናው፣ ሥርዓቱን እያወቅሽ! እኔ እሷን እንዴት ብዬ ልጠይቃት?»

«መጠየቅ ካልቻልክ መጻፍም አልነበረብህም! በመርከብ ወደ ዋናው ደሴት ትልካት ነበር፤ ምኗም ያልሆነ ሐኪም ያያት ነበር።»

እንዲህ ስል የገዛ ድምፄ ያሳፍረኛል። እኔም ወንድሞች አሉኝ፤ ሥርዓቱን አልንቅም። እሱም ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚያጠምደውን የመጀመሪያ ዓሣ ሁሌም ለእሷ ነው የሚልከው። መድኃኒቱንም እንደዚያው አድርጎ ላከላት። እኔ ደግሞ፣ ሐኪም ነው፣ ያውቃል ብዬ አራት ወር አፌን ዘጋሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ሰምቼ አድጌያለሁ፤ እኛ ግን በመድኃኒቱ ደበቅነው።

ከዚያ የሰማሁትንና የዳሰስኩትን አንድም ሳላስቀር እነግረዋለሁ። ሳወራ ዓይኑን ከወለሉ አያነሳም። ጥቁር ነው ስል ጆሮው ይቀላል፤ ሎሚ ያክላል ስል ፊቱ አመድ ይመስላል። ጥቁሩ ከውስጥ የሚፈስ ደም፣ ጠጣሩ ነገር ክፉ እብጠት ሊሆን እንደሚችል ከእኔ በላይ ያውቃል።

ስልኩን አንስቶ ዋናው ደሴት ላይ ወዳለው ሆስፒታል ይደውላል። መስመሩ ስለሚቆራረጥ እዚህ ስልክ የሚያወራ ሁሉ ይጮሃል። የወዲያኛዋ ሐኪም ድምፅም እኔ ድረስ ይሰማል። ዕድሜዋን፣ ክብደቷን፣ የሰገራዋን ቀለም ትጠይቀዋለች። ክብደቷን አያውቅም። ሌላውን፣ አራት ወር ክኒን መዋጧንም፣ እንደ ምንም ይመልሳል።

«እሺ፣ ስትመረምራት ምን አገኘህ?»

«አልመረመርኳትም። ነርሷ ናት የነካቻት፣ አሁን።»

«አሁን? አራት ወር ሙሉ መድኃኒት ያዘዘላት ማነው ታዲያ?»

ሴሚሲ ከንፈሩን ያርሳል። «ወንድሟ» ይላል ዝቅ ብሎ።

«አልሰማሁህም። ማን?»

ላብ በአንገቱ ይወርዳል። ስልኩን ልቀበለው እጄን እዘረጋለሁ፤ ራሱን ይነቀንቅብኛል።

«እኔ ነኝ!» ብሎ ይጮሃል። «እህቴ ናት! ሳላያት ነው ያዘዝኩላት! ሳላያት!»

በመስኮቱ ወደ ውጭ አያለሁ። ማንጎው ሥር ሉፔ ጀርባዋን ሰጥታናለች። እሱ እንዳያፍር፣ ሁለቱን ጆሮዎቿን በመዳፎቿ ጥብቅ አድርጋ ይዛለች።