ጥግ የቆመችው ዓሣ

የሰኪና ባል፣ የከብት ነጋዴው ሁሴኖ፣ ለቤታቸው አኳሪየም ዓሣ ሊመርጥ ሱቁ ውስጥ መስታወቱ ፊት ቁጢጥ አለ፤ ዴራ ገበያ በሬ ሲያይ እንደሚያደርገው። ሻጯ ልጅም አጠገቡ ቁጢጥ አለች። ሻሿ ትከሻውን ሊነካ ምንም አልቀረው።

«ዓይኗ የጠራ፣ ክንፏ የተዘረጋ፣ ምግብ ሲጣል ቀድማ የምትደርሰዋን ይምረጡ» አለችው።

«እንደ ጊደር ነዋ!» ብሎ ከልቡ ሳቀ። ሰኪና ይህን ሳቅ ቤቷ ውስጥ ከሰማች ቆይታለች። በሩ ጥግ ቆማ የሻርፗን ጫፍ ጠመዘዘችው።

«ያቺ ብቻዋን ያለችውስ?» አለ ሁሴኖ።

«ተለይታ ጥግ የምትቆም ታማለች ማለት ነው። ይተዋት።»

ያኔ ወደ ሚስቱ ዞረ። «አንቺስ የቷን ወደድሽ?»

«የጥጓን።»

«ትሞትባችኋለች እኮ!» አለች ልጅቷ።

«ጤነኛዋንማ ማንም ያያል» አለች ሰኪና ዓይኗን ከባሏ ሳትነቅል። «እሱ የታመመችዋን ማየት ይልመድ።»