ታክሲዋ ያስተማረችው ጃፓንኛ

አረፍ በሉ ልጆቼ፣ ላጫውታችሁ። የጋሽ ዘለቀ ልጅ ትርሲት ጃፓን ሄዳ አግብታ እዚያው ሞተች። የተወችላቸው የልጅ ልጅ ከጃፓንኛ ሌላ አያውቅም። እሳቸውም "አያትህ ነኝ" ለማለት ያህል የጃፓንኛ መማሪያ ፍለጋ መጽሐፍ ተራን አሰሱ።

"ጋሼ፣ ያለን የቻይንኛ ነው፤ እሱ አይሆንም?" አሏቸው ሻጮቹ።

የቀረቻቸው አስተማሪ ከጃፓን የመጣችው አሮጌ ታክሲያቸው ነበረች። ሞተር ባስነሱ ቁጥር በለስላሳ የሴት ድምፅ አንድ ነገር ትላለች። ሰላምታ መስሏቸው እንዳለ ሸመደዱት።

አማቻቸው ሲደውል ለልጁ አሰሙት። የልጁ የሩጫ ኮቴ ተሰማ።

"የት ሄደብኝ?"

ከሚስቱ አማርኛ የለመደው አማች አመነታ።

"አባባ፣ ያሉት 'የመንገድ መክፈያ ካርዱ አልገባም' ነው። መኪና የምትናገረው። ካርድ ሊፈልግልዎ ሄደ።"

መኪና በማታውቁት ቋንቋ ስታናግራችሁ፣ ጋሽ ዘለቀን አስታውሱልኝ።