የጠዋቱ ኪኒን

የአባቱ ደም ግፊት አልወርድ ማለቱ ዋለልኝን አንገሽግሾታል። ሐኪሙ «በዚህ ከቀጠለ ልባቸውን ይጎዳል» ካሉት ወዲህ እንቅልፍ የለውም።

«እማዬ፣ ወጡ ላይ ተደብቀሽ ጨው ትነሰንሻለሽ አይደል?»

«ምን ያለው ጉድ ነው! ጎረቤት እንኳ ቀምሳ ‹ጨው አጣሽ ወይ› ብላ ሳቀችብኝ!»

«እንግዲያው አባዬ፣ ኪኒኑን እየዘለልክ ነው።»

«እኔ? አንድ ቀን ዘልዬ አላውቅም!» አሉ አባቱ በቁጣ።

በማግስቱ ቁርስ ላይ አጠገባቸው ተቀምጦ ዓይኑን ሳይነቅል ጠበቃቸው። አባቱ ኪኒኑን ለሁለት ገመሱና አንዱን ግማሽ በውኃ ዋጡ። ሌላውን ግማሽ ወደ ሚስታቸው አፍ አስጠጉ።

«በሞቴ፣ ጉረሺ! ብቻዬን ምን ጎርሼ አውቃለሁ?»

እናቱ እንደ ሁልጊዜው አፋቸውን ከፈቱ።