ሁለተኛዋ ካሜራ

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ የኔ እመቤት። ከድንጋዩ እስከ ዛፉ ትጋልቢያለሽ፣ አለቀ» ይለኛል ዳይሬክተሩ ሚስተር ክሮፍት፣ የባዝራዬን የማጊን አንገት እያሻሸ።

የኔ እመቤት! ትናንት እኮ «አንቺ ሴትዮ» ነበርኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

በዚህ የካሊፎርኒያ አቧራ ውስጥ የካውቦይ ፊልም ስሠራ ከርሜያለሁ። ሽፍታውን የማሳድደው፣ ሸሪፉን ከመሰቀል የማድነው እኔ ነኝ። ፊልሞቻችን ግን የድሃ ፊልሞች ናቸው፤ የመጠጥ ቤቱ ግድግዳ ከጀርባው ባዶ ሜዳ ነው፣ ካሜራችንም አንዲት ናት። ዛሬ ግን ሌላ ተከራይተው ከዛፉ ወዲህ መሬት ላይ አስተኝተዋታል። የምታየው አንዲት ቦታ ብቻ ነው።

«ያቺ ለምንድን ነው የተኛችው?»

«ለውበት።»

«ለማን ውበት?»

ይስቃል። ፈረስ ጠባቂው ኦርቪል አይስቅም። የጠበቀውን ኮርቻ እንደገና ያጠብቃል።

«ኦርቪል፣ ምን ደብቀኸኛል?»

«ኧረ ምንም፣ ሜይቤል። ብቻ እግርሽን እርካቡ ውስጥ ጠልቀሽ አታስገቢ።»

እንዲህ የሚባለው ለሚወድቅ ሰው ነው። ጉድጓድ ቆፍረው በሳርና በአፈር ሸፍነውብን ይሆን? ፈረስ ሲገለበጥ ለማየት ሲኒማ ቤት ሰው ይጋፋል። ማጊን ያሳደግኳት ከውርንጭላነቷ ጀምሮ ነው። እዚህ እግሩ ለተሰበረ ፈረስ ሐኪም አይጠራም። የኔ ሽጉጥ የፊልም ነው፤ የኦርቪል ግን ጥይት አለው።

«ጀምሪ!»

እጋልባለሁ። ካሜራዋ አፍንጫ ስር ልደርስ ስል ልጓሙን እስባለሁ። ማጊ ሰኮናዋን ተክላ ትቆማለች። ባርኔጣዬን አውልቄ ካሜራዋ የምታየው ቦታ ላይ እወረውራለሁ።

«ምን ሆነሽ ነው? ፊልሙን አቃጠልሽብኝ እኮ!» እያለ ክሮፍት እየሮጠ ይመጣል።

«ባርኔጣዬ ወደቀ፣ ሚስተር ክሮፍት። እስኪ ያቀብሉኝ።»

ሊራመድ እግሩን ያነሳና መልሶ ያሳርፋል።

«ተይው» ይላል ላቡን እየጠረገ፤ «አዲስ እገዛልሻለሁ።»

ይህን የሚለኝ ለጠፋ የሸሚዝ ቁልፍ ከደሞዜ የሚቆርጠው ሰውዬ ነው።

እወርዳለሁ። የማጊን ልጓም ይዤ ወደ ጋጣው እመልሳታለሁ። ዞር ብዬ ሳይ ባርኔጣው ፀሐይ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ካሜራ የያዘው፣ ልብስ የምታለብሰኝ፣ ኦርቪልም ከበውት ቆመዋል፤ ጠጋ ብሎ የሚያነሳው ግን አንድም ሰው የለም።