በያጁ የቆለፈው ብልቃጥ

ጥፊው ሲያርፍባት ደሟ ግድግዳው ላይ ተረጨ…

የተመታችው የበያጁ ታናሽ እህት ናት። የእናታቸውን እንክብል ሽንት ቤት ውስጥ ስትደፋ እጅ ከፍንጅ ይዟት ነው።

«ወንድም ጋሼ፣ ይሄ ነገር እማዬን እየጎዳት…» ከማለቷ ሁለተኛው ደረሰ። እሱ ቡጢ ነበር።

የፊት ጥርሷ ከእንክብሎቹ ጋር ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

የበያጅ እጅ ነው… ብረት የለመደ እጅ ሥጋ ላይ ሲያርፍ ልኩን አያውቅም።

እንክብሉን ያመጣው እሱ ነዋ። እናቱን ሆዷን ሲነፋት ጊዜ ስልኩ ላይ ያየው ሻጭ፣ ከቅጠል የተጨመቀ ነው፣ አንጀት ያጥባል፣ በሽታ ሳይመጣ ያስቀራል፣ ተፈጥሮ ስለሆነ ቢበዛም አይጎዳም ብሎታል። ሻጩ ነጭ ጋዋን ለብሶ ነበር። ጋዋን እንደሆነ ክንድ ላለው ሁሉ ይገባል።

እህቴ በቅናት ነው የደፋችው አለ በሆዱ። እናቴን እኔ እንዳላድናት ነው አለ።

ወርክሾፑ ገብቶ የብረት ሳጥን በየደ። የተረፈውን እንክብል ከነብልቃጡ ቆለፈበት፤ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠለጠለ። የተደፋውን ላካክስ ብሎ እጥፍ አድርጎ፣ እናቱን ጠዋት ማታ በገዛ እጁ አስዋጣት።

እናት እህል አስጠላት። ሽንቷ ጠቆረ። አንድ ቀን ዓይኗ ቢጫ ሆኖ ተገኘ…

በያጁ ሐኪም አልጠራም። መዶሻ አነሳ።

«እናቴን መርዘሻታል» እያለ የእህቱን ክፍል በር ገነጠለ። በፀጉሯ እየጎተተ ደረጃውን አወረዳት። ጎረቤት ተረባርቦ መዶሻውን ባይነጥቀው ኖሮ ዛሬ የምናወራው ስለ ቀብር ነበር።

ያው ጎረቤት እናትን ሆስፒታል አደረሰ። ሐኪሟ ደማቸውን አስመርምራ፣ ጉበታቸው ክፉኛ ተጎድቷል፣ ምን ሲወስዱ ነበር ብላ ጠየቀች።

እሱ ሳጥኑን ከቤት አምጥቶ፣ ደረቱን ነፍቶ ከፈተው።

ሐኪሟ ብልቃጡን አገላብጣ አየችው። ቅጠሉ ምግብ ውስጥ ሲገባ ምንም እንደማይል፣ ተጨምቆ እንክብል ሲሆን ግን የአንዳንዱን ሰው ጉበት እንደሚጎዳ፣ አጥኚዎችም በቅርቡ ይህንኑ ደጋግመው እያገኙት እንደሆነ አስረዳችው።

ወደ እህቱ ዞረ። የከንፈሯ ስፌት ገና አልወጣም።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነገርኩህ እኮ ወንድም ጋሼ። የነገረህን አፍ ነው የመታኸው።»

ቆይ… ገና አላለቀም።

እናት ነፍስ ስትዘራ ልጇን ወደ አልጋዋ ጠራችው።

«እንክብሉ ሲያቃጥለኝ፣ እንደሚጎዳኝ እኔም አውቄ ነበር» አለችው ቀስ ብላ። «እምቢ ብልህ ደግመህ እሷን ትመታብኛለህ ብዬ ነው የዋጥኩት።»

በያጁ የሳጥኑን ቁልፍ ከአንገቱ አወለቀ…

እናት ተርፋለች። ጉበት ፋታ ሲያገኝ ያገግማል፤ ጥርስ ግን አይበቅልም።

ወገኖቼ፣ ተፈጥሮ የተባለ ሁሉ መድኃኒት አይደለም። እባብም ተፈጥሮ ነው። ለምትወዱት ሰው እንክብል ከመግዛታችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ። ከዚያም በፊት ግን ቤታችሁ ውስጥ እምቢ ለማለት የሚፈራችሁ ሰው እንዳለ እዩ። የሚፈሩት ሰው መርዝም ቢያቀርብ ይዋጥለታል።

በያጁ የገነጠለውን በር በወፍራም ብረት ሠርቶ መልሶ ገጥሞታል። አሁን እህቱ ከውስጥ ቆልፋዋለች። እሱ ደጁ ላይ ተቀምጦ ይቅርታ ይለምናል…

እናንተ ብትሆኑ ትከፍቱለት ነበር?